ፎርማት ከማድረጋችሁ በፊት፦ የድሮ ሊኑክስ ማሽን ሲያስቸግር ደረጃ በደረጃ

ባለፈው ክረምት ገላን አካባቢ ካለ የእህል መጋዘን ስልክ ተደወለልኝ። «ልጄ፣ ሚዛኑ ሞቷል፤ ቶሎ ድረስ» አሉኝ ባለቤቱ። ሚዛን ያሉት የጭነት መኪና የሚቆምበትን ብረት ሳይሆን ከሱ ጋር በኬብል የተያያዘውን ኮምፒውተር ነው። ሱቄ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ስለሆነች ሩቅ አይደለም፤ ካቻቢቴዬንና ሲዲዎቼን ይዤ ሄድኩ።

ማሽኑ ፔንቲየም 3 ነው፤ 128 ሜጋባይት ራም፣ በላዩ ላይ እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው ሬድ ሃት 7.3 (በዊንዶውስ ፋንታ የሚጫነው የሊኑክስ አንዱ ዓይነት) ተጭኖበታል። የሚዛኑን ፕሮግራም የሠራው ልጅ ውጭ አገር ሄዷል። ሲዲው የለም፣ ኮዱም የለም። ከእኔ በፊት የመጣ ባለሙያ «ፎርማት አድርገን ዊንዶውስ እንጫንበት» ብሎ ነበር፤ እግዜር ይስጣቸውና ጋሼ እምቢ ብለዋል።

«ጋሼ፣ ከመሞቱ በፊት የተነካ ነገር አለ?»

«ኧረ ማንም አልነካውም!»

«መብራትስ?»

«መብራትማ ሁለት ቀን ሙሉ አልነበረም፤ ትራንስፎርመሩ ነዶ።»

«ሲመጣ ኮምፒውተሩ ምን አለ?»

«ኤፍ 1 ተጫን አለ፤ ልጁ ተጫነለት። ከዚያ ሁለት ፊደል ጽፎ ቀጥ።»

መልሱ በሙሉ እዚህ ንግግር ውስጥ ነበር። እኔ ግን በጆሮዬ ሰማሁት እንጂ ልብ አላልኩትም፤ ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ከዚያ በኋላ የሥራ ቅደም ተከተሌን ቀየርኩ። ከታች ያለው ያ ቅደም ተከተል ነው። እንዲህ ያለ ማሽን ፋብሪካ ውስጥ፣ ትምህርት ቤት ውስጥ ወይም በእርዳታ ከመጣ ካርቶን ውስጥ የገጠመው ሰው ይጠቀምበት።

አንድ ማሳሰቢያ። ትእዛዞቹን እንደ አነባበባቸው በፊደላችን ጽፌያቸዋለሁ። ማሽኑ ላይ የምትጽፏቸው በላቲን ትንንሽ ፊደላት ነው። «ኤልኤስሞድ» ስል ኤል፣ ኤስ፣ ከዚያ ሞድ ማለቴ ነው፤ «ዳሽ» ሰረዟ ናት፣ «ስላሽ» ደግሞ ወደ ቀኝ ያዘነበለችው መስመር።

1. መጀመሪያ ካቻቢቴ፣ ኪቦርድ ቆይቶ

ማሽኑን ከሶኬት ነቅላችሁ ክፈቱት። አቧራውን በብሩሽ አውጡ፤ የፕሮሰሰሩ ፋን በእጅ ሲገፋ በቀላሉ መዞር አለበት። ራሙን ነቅላችሁ ወርቃማውን ጥርስ በላጲስ ፈግፍጉት፣ ፍርፋሪውን አራግፉ፣ ከዚያ ሁለቱም ጆሮዎቹ «ቀጭ» እስኪሉ ድረስ ግፉት። ኔትወርክ ካርዱንም እንደዚሁ። የእህል ብናኝ ባለበት ቤት የቆየ ማሽን ከሆነ ይህ ብቻ ሲፈታው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ።

ከዚያ ባትሪዋ። ቦርዱ ላይ እንደ ሳንቲም የተኛችው 2032 የምትባለው ባትሪ የ3 ቮልት ናት። በቴስተር ለኳት፤ 2.5 አካባቢ ከወረደች ሳታመነቱ ቀይሯት። ስትሞት የሚጠፋው ሰዓት ብቻ የሚመስለው ብዙ ነው። ሰዓቱ ትንሹ ጉዳት ነው። ባዮስ (ማሽኑ ሲበራ ቀድሞ የሚሠራው የቦርዱ ፕሮግራም) ውስጥ የተቀመጠው ቅንብር ሁሉ፣ ሃርድ ዲስኩ በምን ዓይነት አቆጣጠር እንደሚነበብ፣ ሲሪያል ፖርቱ (እንደ ሚዛን ያለ መሣሪያ በኬብል የሚሰካበት) የትኛው አድራሻ ላይ እንደሆነ፣ ከየት ቡት እንደሚደረግ፣ ፋብሪካው ወደ ሰጠው ይመለሳል። «ሲሞስ ቼክሰም ኤረር፣ ኤፍ 1 ተጫን» የሚለው ጽሑፍ ይህንን እየነገራችሁ ነው። መብራት እስካለ ድረስ ማሽኑ ቢጠፋ እንኳ ከሶኬቱ ትንሽ ኃይል ስለሚያገኝ የደከመች ባትሪ አትታወቅም። ሁለት ቀን መብራት ሲጠፋ ግን ትጋለጣለች።

ሰዓቱ መበላሸቱም ቢሆን መልኩን እየቀየረ ይመጣል። ፕሮግራም ከኮዱ ስትገነቡ «ሜክ» የሚባለው መሣሪያ ፋይሉ ከወደፊት ጊዜ መጣ፣ ግንባታው ጎደሎ ሊሆን ይችላል ብሎ ያስጠነቅቃል። የዲስክ መርማሪው ደግሞ «ይህ ዲስክ ለ49710 ቀናት አልተፈተሸም» ብሎ ፍተሻ ያስገድዳል። 49710 ቀን ማለት 136 ዓመት ነው፤ ከአድዋ በፊት ተፈትሼ ነበር እያላችሁ ነው። ዲስኩ ምንም አልሆነም። ሰዓቱ ወደ ኋላ ስለተመለሰ ቅነሳው ከዜሮ በታች ወርዶ፣ ባለ 32 ቢቱ ቁጥር ከላይ ጫፍ ዞሮ ነው።

ሦስተኛ፣ ምንም ትእዛዝ ከመጻፋችሁ በፊት የዲስኩን ሙሉ ቅጂ ያዙ። ዲስኩን አውጥታችሁ በሌላ ማሽን ላይ ስሌቭ (ሁለተኛ ዲስክ) አድርጉት፣ በ«ኤፍዲስክ ዳሽ ኤል» የትኛው የትኛው እንደሆነ በመጠኑ ለዩ፣ ከዚያ በ«ዲዲ» ወደ ፋይል ገልብጡት። ዲስኩ የተጎዳ ከመሰለ «ኮንቭ እኩል ይሆናል ኖኤረር ኮማ ሲንክ» የሚለውን ጨምሩበት፤ ያልተነበበውን ቦታ በዜሮ ሞልቶ ያልፋል። «አይኤፍ» የሚነበብበት፣ «ኦኤፍ» የሚጻፍበት ነው። ሁለቱን ያቀያየረ ሰው ደንበኛውን ባዶ ዲስክ ነው የሚያስረክበው፤ ስለዚህ ኢንተር ከመጫናችሁ በፊት እጃችሁን ከኪቦርዱ አንስታችሁ መስመሩን ጮክ ብላችሁ አንብቡት። እኔ እስካሁን አነባለሁ፤ ረዳቴ ይስቅብኛል።

ደብተርም ይኑራችሁ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ቀይሩ፣ የቀየራችሁትን ጻፉ፣ ካልሠራ ወደነበረበት መልሱ። ሦስት ነገር አንድ ላይ ቀይሮ «ተስተካከለ» የሚል ሰው ምን እንዳስተካከለ አያውቅም።

2. የት ላይ ቆመ?

ማሽኑ ሲነሳ የሚያልፍባቸው ጣቢያዎች አሉ፦ ባዮስ፣ ቡት ጫኚው (ከርነሉን ከዲስክ የሚያነሳው ትንሽ ፕሮግራም)፣ ከርነሉ (የሊኑክስ እምብርት)፣ ሩት ዲስኩን (ሲስተሙ ያለበትን የዲስክ ክፍል) መክፈት፣ አገልግሎቶቹ፣ መጨረሻ ላይ መግቢያው ወይም ግራፊኩ። ታክሲ የት ላይ እንደቆመ ሳታውቁ ጎማ አትፈቱም አይደል? እዚህም እንደዚያው ነው።

በዚያ ዘመን ብዙ ማሽን ላይ የነበረው ቡት ጫኚ ሊሎ ነው። ሊሎ ስሙን የሚጽፈው ፊደል በፊደል ነው፤ እያንዳንዱ ፊደል አንድ ሥራ መከናወኑን ይናገራል። ስለዚህ የቆመበት ፊደል ራሱ የምርመራ ውጤት ነው።

ምንም ፊደል ካልወጣ ሊሎ ጭራሽ አልተጫነም፤ ወይም ክፍልፋዩ (ከዲስኩ ክፍሎች አንዱ) «አክቲቭ» አልተደረገም። «ኤል» ብሎ ቀጥሎ ቁጥር ከደረደረ የመጀመሪያው ክፍል ሁለተኛውን ከዲስኩ ማንበብ አቅቶታል፤ ቁጥሩ የስህተት ኮድ ነው፣ ዲስኩን መጠርጠር ተገቢ ነው። «ኤል» እና «አይ» ብሎ ከቆመ ሁለተኛው ክፍል ተጭኗል፣ ግን መሥራት አልቻለም። ይህ የሚሆነው ባዮሱ እና ሊኑክስ ዲስኩን በተለያየ አቆጣጠር ሲያነቡት ነው፤ ወይም ሊሎ የሚጠቀምበት ፋይል ቦታ ቀይሮ ሊሎ እንደገና ሳይጫን ሲቀር። ሦስት ፊደል ላይ ከቆመ ችግሩ ካርታ ከሚባለው ፋይል ጋር ነው። አራቱም ከወጡ ሊሎን ተዉት፤ ጥፋቱ ከሱ በኋላ ነው።

የገላኑ ማሽን ሁለት ፊደል ላይ ነበር የቆመው። እኔም እንደ ልማዴ የሬድ ሃትን አንደኛ ሲዲ አስገባሁ፣ የቡት መጠየቂያው ላይ «ሊኑክስ ሬስኪዩ» ብዬ ጻፍኩ። ይህ ሲዲ የተጫነውን ሲስተም ፈልጎ «ስላሽ ኤምኤንቲ ስላሽ ሲስኢሜጅ» ሥር ይከፍትላችኋል። ከዚያ «ሲኤችሩት» ብላችሁ እዚያ ትገባላችሁ፤ ከዚያ በኋላ ያላችሁት በራሱ በማሽኑ ሲስተም ውስጥ ነው። «ሊሎ ዳሽ ቪ» አልኩ፣ ያለ ስህተት ጫነ። ዳግም አስነሳሁት፤ ሁለት ፊደል። ደገምኩ፤ ሁለት ፊደል። ሦስተኛው ላይ፣ ተናድጄ፣ ካርታው ፋይል በእርግጥ ተጽፎ እንደሆነ ለማየት «ኤልኤስ ዳሽ ኤል» አልኩ። አሁን፣ ከአንድ ደቂቃ በፊት የጻፍኩት ፋይል ላይ የሰፈረው ቀን የ2000 ጃንዋሪ ነው።

ያኔ ነው የጋሼ «ኤፍ 1 ተጫን አለ» ጆሮዬ ላይ ያቃጨለው። ባዮስ ውስጥ ገባሁ። ሃርድ ዲስኩ «ኤልቢኤ» መሆን ሲገባው «ኖርማል» ላይ ተቀምጧል። ባዮሱ በአንድ አቆጣጠር፣ ሊኑክስ በሌላ ይቆጥራሉ። ሊሎን መቶ ጊዜ ብጭነው አይነሳም ነበር፤ ፎርማትማ ጭራሽ። ባትሪ ቀየርኩ፣ «ኤልቢኤ» ላይ መለስኩት፣ ሰዓቱን አስተካከልኩ። አራቱም ፊደላት ወጡ።

ከ8 ጊጋባይት በላይ ዲስክ ያለው የድሮ ማሽን ላይ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። የድሮ ሊሎ ከ1024ኛው ሲሊንደር (የዲስክ ቦታ መቁጠሪያ) ወዲያ ያለ ከርነል ማንበብ አይችልም። መፍትሔው «ቡት» የሚባለውን ትንሽ ክፍልፋይ ዲስኩ መጀመሪያ ላይ ማድረግ ነው፤ ሊሎው አዲስ ከሆነ ደግሞ ማዋቀሪያ ፋይሉ ውስጥ «ኤልቢኤ32» የሚል መስመር መጨመር። በሊሎ ፋንታ ግረብ የሚባለው ቡት ጫኚ ያለበት ማሽን በቁጥር ይናገራል፦ ስህተት 15 ፋይሉ የለም፣ 17 ክፍልፋዩን መክፈት አልተቻለም፣ 18 ያው የሲሊንደሩ ጉዳይ ነው።

ከርነሉ ተነስቶ «ፓኒክ፦ ሩት ፋይል ሲስተሙን በ03፡02 ላይ መክፈት አልቻልኩም» ካለ፣ ቁጥሩን አንብቡት። 03 አንደኛው የአይዲኢ (የዲስክ) ኬብል ነው፣ 02 ሁለተኛው ክፍልፋይ፤ ማለትም «ኤችዲኤ2»። 08፡01 ከሆነ ስካዚ የሚባለው ሌላ ዓይነት ዲስክ «ኤስዲኤ1» ነው። በጽዳት ጊዜ ዲስኩን ነቅላችሁ ሁለተኛው ኬብል ላይ ከሰካችሁት ስሙ ከ«ኤችዲኤ» ወደ «ኤችዲሲ» ይቀየራል፣ ከርነሉ ደግሞ የድሮውን ስም ይፈልጋል። አዲስ ከርነል ከተጫነ በኋላ የመጣ ከሆነ ግን የዲስክ መቆጣጠሪያው ወይም የፋይል ሲስተሙ ድራይቨር አብሮ አልተካተተም ማለት ነው።

«ለጥገና የሩት ፓስወርድ ስጠኝ» ብሎ ከቆመ ድንገት መብራት የጠፋበት ዲስክ ነው። ቅጂ ይዛችኋል ብዬ አምናለሁ። እንግዲያው «ኢ2ኤፍኤስሲኬ ዳሽ ዋይ» ከክፍልፋዩ ስም ጋር ስጡት፣ ሲጨርስ ዳግም አስነሱ። ባለቤት አልባ ሆነው የተገኙ ፋይሎች «ሎስት ፕላስ ፋውንድ» ውስጥ በቁጥር ይቀመጣሉ። ፋይል ሲስተሙ (ፋይሎች ዲስኩ ላይ የሚደራጁበት መንገድ) ኤክስት2 ከሆነ ደግሞ እጃችሁ ሳይመለስ፣ መብራት ሲጠፋ በቀላሉ ወደሚያገግመው ኤክስት3 አሳድጉት። «ቲዩን2ኤፍኤስ ዳሽ ጄ» ብቻ ይበቃል፣ ዳታው አይነካም፤ ከዚያ «ኤፍኤስታብ» ፋይል ውስጥ ስሙን መቀየር ነው። ኤክስት3 ወደ ዋናው ከርነል የገባው በ2.4.15፣ እ.ኤ.አ. በ2001 መጨረሻ ነው፤ ሬድ ሃት ግን ከ7.2 ጀምሮ አካቶታል። እንደኛ ሰፈር መብራት በሚመላለስበት ቦታ ኤክስት2 ይዞ መቆየት ልበ ሙሉነት ነው።

3. ማሽኑ የተናገረውን ማንበብ

አሁን መግቢያው ላይ ደርሳችኋል፣ ግን ኔትወርኩ ወይም ድምፁ አይሠራም። ድራይቨር ፍለጋ ከመሮጣችሁ በፊት አምስት ትእዛዝ።

«ዩኔም ዳሽ አር» የከርነሉን ቁጥር ይሰጣችኋል። ከርነል 2.2 እ.ኤ.አ. በ1999፣ 2.4 በ2001 መጀመሪያ፣ 2.6 በ2003 ዲሴምበር ወጥተዋል፤ ለአንዱ የተሠራ ሞጁል (ከርነሉ ላይ የሚጫን ድራይቨር) ለሌላው አይሆንም። «ዲሜሴጅ» (ዲ-ኤም-ኢ-ኤስ-ጂ) ከርነሉ ሲነሳ የተናገረውን ሁሉ ይደግምላችኋል። «ኤልኤስፒሲአይ» የተሰኩትን ካርዶች ይዘረዝራል፤ ስሙን ካላወቀው «ዳሽ ኤን» ጨምሩና ቁጥሩን ይስጣችሁ። ካርዱ ላይ የተለጠፈው ስም ብዙ ጊዜ የሻጩ ነው፤ ድራይቨሩን የሚወስነው ግን ቺፑ ነው። «ኤልኤስሞድ» የተጫኑትን ሞጁሎች ያሳያል። «ካት ስላሽ ፕሮክ ስላሽ ኢንተራፕትስ» ደግሞ ማን በየትኛው የኢንተራፕት መስመር (ካርድ ፕሮሰሰሩን የሚጠራበት መስመር) ላይ እንደተቀመጠ።

አምስቱንም ወደ ፋይል ጻፏቸውና ፍሎፒ ላይ ያዙ። ሱቅ ተመልሳችሁ በረጋ መንፈስ ስታነቡት እዚያ ያላያችሁት ይታያችኋል።

4. ሞጁሉ አልገባም ሲል

በድሮ ሊኑክስ ድራይቨር ማለት በአብዛኛው ሞጁል ነው። የሚጫንበት ሁለት መንገድ አለ፤ ልዩነታቸውን አለማወቅ ብዙ ሰው ያስለቅሳል። «ኢንስሞድ» አንዱን ፋይል ብቻ ያስገባል። «ሞድፕሮብ» ግን የሚደገፍባቸውን ሌሎች ሞጁሎች አስቀድሞ ይጭናል። ለምሳሌ የኤንኢ2000 ኔትወርክ ካርድ ሞጁል «ኤንኢ» ይባላል፤ እሱ ደግሞ «8390» የሚባል ሌላ ሞጁል ይፈልጋል። በ«ኢንስሞድ» ብቻውን ብትጭኑት «አንሪዞልቭድ ሲምቦል» የሚል መዓት ይዘረግፍባችኋል። ድራይቨሩ የተበላሸ ይመስላል፤ ጓደኛው ስለሌለ ብቻ ነው። «ሞድፕሮብ ኤንኢ» በሉት።

እንደዚያም ሆኖ ያው ስህተት ከመጣ «ዲፕሞድ ዳሽ ኤ» ብላችሁ የጥገኝነት ዝርዝሩን አድሱ። አሁንም ካልሆነ ሞጁሉና ከርነሉ አንድ ላይ የተሠሩ አይደሉም። «ስላሽ ሊብ ስላሽ ሞጁልስ» ውስጥ ያለው ማህደር ስም «ዩኔም ዳሽ አር» ከሰጣችሁ ጋር በፊደል በፊደል መግጠም አለበት። 2.4 የነበረ ማሽን ላይ 2.6 ጭናችሁ «ኪውኤም ሞጁልስ» የሚል ስህተት ከመጣ ደግሞ የሞጁል መሣሪያዎቹ ራሳቸው አርጅተዋል፤ ለ2.6 የተሠራውን «ሞጁል ኢኒት ቱልስ» መጫን ያስፈልጋል።

«ዲቫይስ ኦር ሪሶርስ ቢዚ» ሌላ ታሪክ ነው። አይኤስኤ የሚባለው የድሮ ዓይነት ካርድ ራሱን አያስተዋውቅም፤ አድራሻውን እናንተ ትነግሩታላችሁ። የኤንኢ2000 ካርድ ብዙ ጊዜ 300 ሄክስ (በ16 ቤት የሚቆጠር ቁጥር) ላይ ነው፤ ስለዚህ ሞጁሉን ስትጭኑ «አይኦ» እና «አይአርኪው» የሚሉትን መለኪያዎች ከቁጥራቸው ጋር ስጡት። ቁጥሩን ካላወቃችሁ ካርዱ ላይ ያሉትን ጃምፐሮች እዩ። ሳውንድ ብላስተር 16 የሚባለው የድምፅ ካርድ በተለምዶ 220 ሄክስ፣ ኢንተራፕት 5፣ ዲኤምኤ 1 እና 5 ላይ ይቀመጣል። ኔትወርክ ካርዱም 5 ላይ ከሆነ ሁለቱ ይጣላሉ፦ ሙዚቃ ስትከፍቱ ኔትወርኩ ይሞታል፣ ወይም ድምፁ አንድ ሰከንድ እየደጋገመ ይንተባተባል። ከሁለት አንዱን ወደ 10 ውሰዱት።

ለሪልቴክ 8139 ካርድ፣ ከርነሉ 2.2 ከሆነ ሞጁሉ «አርቲኤል8139»፣ 2.4 ከሆነ «8139ቱ» (መጨረሻው ቲ-ኦ-ኦ) ነው። ከርነል ያሳደገ ሰው ማዋቀሪያውን ሳይነካ ሲቀር ኔትወርኩ «ጠፋ» የሚለው ለዚህ ነው። በእጅ ስትጭኑት ከሠራ «ሞጁልስ ዶት ኮንፍ» ውስጥ «ኤልያስ ኢቲኤች0 8139ቱ» ብላችሁ አስፍሩት፤ ካልሆነ ነገ ጠዋት ይረሳዋል።

ድምፅን በተመለከተ አንድ ነገር ብቻ፦ አልሳ (የሊኑክስ ድምፅ ሲስተም) ሲጫን ሁሉም ቻናል ድምፅ አልባ ሆኖ ነው። «አልሳሚክሰር» ክፈቱ፣ «ኤም» ን ተጫኑ፣ ከፍ አድርጉት። ሁለት ሰዓት ድራይቨር ስቀያይር ውዬ እዚህ ላይ የደረስኩበትን ቀን አልናገርም።

5. ጥቁር ስክሪን

ግራፊኩ እምቢ ሲል መጀመሪያ ከሱ ውጡ። ኮንትሮል፣ ኦልትና ኤፍ1 አንድ ላይ ወደ ጽሑፍ ስክሪን ያወጣል። ያ ካልሠራ ዳግም አስነስታችሁ ቡት መጠየቂያው ላይ «ሊኑክስ 3» በሉ፤ ግራፊክ ሳይነካ ይነሳል።

ከዚያ ስላሽ ቫር ስላሽ ሎግ ውስጥ ያለውን የኤክስፍሪ86 (ግራፊኩን የሚያስነሳው ፕሮግራም) መዝገብ ክፈቱ። በቅንፍ ውስጥ ሁለት «ኢ» ያለባቸው መስመሮች ስህተት ናቸው፤ ሁለት «ደብሊው» ያለባቸው ማስጠንቀቂያ ብቻ ናቸው፣ እለፏቸው። የትኛውን ማዋቀሪያ ፋይል እንደተጠቀመም እዚያው ይናገራል። ይህ መስመር ወርቅ ነው፤ ምክንያቱም ሬድ ሃት 7 ላይ ሁለት ፋይል አለ፣ አንዱ መጨረሻው ላይ ሰረዝና 4 ያለው ለአዲሱ ስሪት፣ ሌላው ለድሮው። የማይነበበውን ፋይል ሲያርም የዋለ ሰው አውቃለሁ። በየቀኑ በመስታወት አየዋለሁ።

ሞኒተር ከተቀየረ በኋላ «ከክልል ውጭ» የሚል ከወጣ «ሆርዝሲንክ» እና «ቨርትሪፍሬሽ» የሚሉትን ቁጥሮች ከሞኒተሩ ጀርባ ወይም ከመጽሐፉ አስተካክሉ። ግምት አትጠቀሙ፤ የድሮ ቱቦ ሞኒተር ከአቅሙ በላይ ከተገፋ ሊቃጠል ይችላል። የካርዱ ድራይቨር ጨርሶ ካልተገኘ «ቬሳ» ን ስጡት። ፍጥነት የለውም፣ ግን ያሳያል።

«ፊክስድ» የሚባለውን ፎንት መክፈት አልቻልኩም የሚል ስህተት ከሆነ ግን የግራፊክ ካርዱን አትንኩት። የፎንት አገልጋዩ አልተነሳም ማለት ነው፤ ብዙ ጊዜ ያልተነሳው ደግሞ ዲስኩ ሞልቶ ነው። «ዲኤፍ ዳሽ ኤች» በሉ። መቶ ከመቶ ካለ ያረጁ መዝገቦችን አጥፉ፣ ስክሪኑ ይመለሳል።

6. ፕሮግራሙ አልከፈትም ሲል

«የጋራ ላይብረሪ መጫን አልተቻለም» የሚል ስህተት ሲመጣ «ኤልዲዲ» ብላችሁ የፕሮግራሙን ሙሉ አድራሻ ስጡት፤ የሚፈልጋቸውን ዘርዝሮ ከጠፋው ጎን «ኖት ፋውንድ» ይጽፋል። ፋይሉ ዲስኩ ላይ ኖሮ ካላየው ማህደሩን «ኤልዲ ዶት ኤስኦ ዶት ኮንፍ» ውስጥ ጨምሩና «ኤልዲኮንፊግ» በሉ። ከነጭራሹ ከሌለ ከዋናው ሲዲ ፓኬጁን ፈልጉ። ከሌላ ስሪት አምጥታችሁ አትቅዱ፤ አንዱን ስትደፍኑ ሌላው ይቀደዳል።

አርፒኤም (የሬድ ሃት ፓኬጅ ጫኚ) የጎደለ ጥገኝነት ሲጠቅስ «ኖዴፕስ» ብሎ ማለፍ ያጓጓል። ሳሎን ያለውን ችግር ጓዳ መደበቅ ነው፤ ስድስት ወር ቆይቶ ሌላ ሰው ያገኘዋል፣ ያ ሌላ ሰው ደግሞ ራሳችሁ ናችሁ። ሬድ ሃት 8 እና 9 ላይ አርፒኤም ራሱ ምንም ሳይል ከቀዘቀዘ፣ ሥራ ላይ ያለ ሌላ አርፒኤም አለመኖሩን አረጋግጣችሁ፣ «ስላሽ ቫር ስላሽ ሊብ ስላሽ አርፒኤም» ውስጥ ስማቸው በሁለት የታች ሰረዝና «ዲቢ» የሚጀምሩትን ፋይሎች አጥፉ፣ ከዚያ «ሪቢልድዲቢ» በሚለው አማራጭ መዝገቡን አስጠግኑ።

ከርነል ወይም ትልቅ ፕሮግራም ስትገነቡ ጂሲሲ (ኮዱን ወደ ፕሮግራም የሚቀይረው መሣሪያ) «ሲግናል 11» ብሎ ከሞተ፣ ደግማችሁ ሞክሩ። በሌላ ፋይል ላይ ከሞተ ኮዱ አይደለም፤ ራሙ ነው። ሜምቴስት86 የሚባለው የራም መፈተሻ አንድ ሌሊት ይሂድበት። ከርነል ከገነባችሁ ደግሞ የድሮውን ከሊሎ ዝርዝር አታውጡት፤ ወደ ቤት መመለሻችሁ እሱ ነው።

7. ሲሪያል ፖርት

ወደ ገላን ልመለስ። ማሽኑ ተነሳ፣ ግራፊኩ መጣ፣ የሚዛኑ ፕሮግራም ተከፈተ። ክብደቱ ግን ዜሮ። ውጭ አንድ ኤፍኤስአር ብረቱ ላይ ቆሞ ሹፌሩ ጡሩምባ ይነፋል።

ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። መጀመሪያ ኬብሉ፤ ሁለቱም ጫፍ ብሎኑ ይጥበቅ። ቀጥሎ «ዲሜሴጅ» ውስጥ «ቲቲዋይኤስ» የሚለውን ፈልጉ። ዊንዶውስ ኮም 1 የሚለው እዚህ «ቲቲዋይኤስ0» ነው፤ አድራሻው 3ኤፍ8 ሄክስ፣ ኢንተራፕቱ 4። ኮም 2 ደግሞ «ቲቲዋይኤስ1» ነው፤ 2ኤፍ8 እና 3። እንደ ገላኑ ማሽን አንድ ፖርት ብቻ ያለው ከሆነ አንድ መስመር ነው የምታዩት፤ እኔ ያየሁት መስመር 2ኤፍ8 ይላል። ፕሮግራሙ ግን የሚያዳምጠው ዜሮን ነው።

ያው ባትሪ። ባዮሱ ሲረሳ ሲሪያል ፖርቱን «አውቶ» ላይ መልሶት፣ አውቶው ደግሞ የኮም 2ን አድራሻ ሰጥቶታል። ተመልሼ ባዮስ ገባሁ፣ 3ኤፍ8 እና 4 ብዬ በእጄ ቆለፍኩት።

ፖርቱ በትክክለኛው አድራሻ ላይ ሆኖ ፕሮግራሙ ካልሰማ «ሚኒኮም» (በፖርቱ የሚመጣውን የሚያሳይ ፕሮግራም) ክፈቱ፣ ፍጥነቱን ሚዛኑ ላይ ከተጻፈው ጋር አስተካክሉ፣ ዝም ብላችሁ ተመልከቱ። ቁጥር ከፈሰሰ ሚዛኑና ኬብሉ ደህና ናቸው፣ ችግሩ ከፕሮግራሙ ጋር ነው። የተዘበራረቀ ምልክት ከፈሰሰ ፍጥነቱ ተሳስቷል። ምንም ካልመጣ ኬብሉ ወይም ሚዛኑ ነው። በሩት ሠርቶ በተራ ተጠቃሚ እምቢ ካለ የፈቃድ ጉዳይ ነው፤ ሬድ ሃት ላይ ተጠቃሚውን «ዩዩሲፒ» የሚባለው ቡድን ውስጥ ጨምሩት።

በስልክ መስመር ኢንተርኔት የሚገናኝ ማሽን ገጥሟችሁ ውስጡ የተሰካው ዊንሞደም ከሆነ ብዙ አትድከሙበት። ግማሽ ሥራው በዊንዶውስ ድራይቨር እንዲሠራ ታስቦ የተመረተ ነው። በሲሪያል ኬብል የሚሰካ ውጫዊ ሞደም ፈልጉ።

ዳግም አስነሳሁት፣ ሚኒኮም ከፈትኩ። ስክሪኑ ላይ ቁጥር መውረድ ጀመረ። ዘጋሁትና የሚዛኑን ፕሮግራም ከፈትኩ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ጠጋ አሉ፣ የኤፍኤስአሩን ክብደት ጮክ ብለው አነበቡ፣ ወደ ውጭ ዞረው «ና ውጣ፣ ተመዝነሃል!» ብለው ሹፌሩን ጠሩት። እኔ የባዮሱን ቅንብር በሙሉ በእስክሪብቶ ወረቀት ላይ ገልብጬ የኬሱ ክዳን ውስጠኛ ገጽ ላይ በፕላስተር ለጠፍኩ፤ ባትሪዋ የተቀየረችበትን ቀንም ከሥሩ ጻፍኩበት።